በብስክሌት ስትሄዱ መኪና ቢገጫችሁ፦ ሕክምናውም ካሳውም የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቀን ካርድ ነው



ዛሬ ስለ ጨጓራ ወይም ስለ ደም ግፊት አይደለም የማወራችሁ። ስለ አንድ የሕክምና ካርድ ነው። ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጎደሎ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ታሪኩን የማካፍላችሁ ልጁም እናቱም ፈቅደውልኝ ነው። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር አውጥቻለሁ።

ከቁስቋም ወደ ፒያሳ የሚያወርደውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሽቅብ ሲሆን ብስክሌቱን መግፋት ነው፣ ቁልቁል ሲሆን ፍሬን ጨብጦ መጸለይ ነው። ጎንደር እንደ ባህር ዳር የብስክሌት ከተማ አይደለችም፤ ዳገቱ አያስነዳም። ቢሆንም ለታክሲ የሚከፍለውን ቆጥቦ በብስክሌት ሥራ የሚሄድ ወጣት አለ፣ ሜዳ ባለበት ሁሉ በኪራይ ብስክሌት የሚጫወት ሕፃን አለ፣ ወደ አዘዞ በኩል ደግሞ ዕቃ ጭኖ የሚመላለስ ሰው አለ። በየከተማው በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ እየተሠራ ስለሆነ ወደፊት ቁጥራቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ልጁ 19 ዓመቱ ነበር፣ እንጨት ሥራ ይማራል። ጠዋት ቁልቁል ሲወርድ ወደ ጎን የታጠፈ ሚኒባስ ገጨው። ሾፌሩ አልሸሸም፤ እግዜር ይስጠው፣ ራሱ ተሸክሞ አመጣው። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ እኔ ነበርኩ። ልጁ ያወራል፣ ይራመዳል፣ ግንባሩ ላይ ቁስል አለው። ሰፋሁለት። ራጁ ስብራት አላሳየም። ካርዱ ላይ «ግንባር ላይ ቁስል፣ ተሰፍቷል፣ ደህና ነው» ብዬ ወደ ቤቱ ላክሁት። ወረፋው ረጅም ነበር።

ያልጠየቅሁት አንድ ነገር ነበር፦ «ራስህን ስተህ ነበር ወይ?» አዎ፣ ስቶ ነበር። ሾፌሩና አንድ ባለ ሱቅ ውሃ እያፈሰሱበት ለደቂቃዎች አልነቃም ነበር። ይሄ ካርዱ ላይ የለም።

በአምስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ቤቱ መጡ። የባለመኪናው ወገኖች 20,000 ብር አምጥተዋል። ልጁ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ አላነሣም» የሚል ወረቀት ላይ ፈረመ። ቡና ተፈላ፣ ተመራረቁ፣ ተሳሳሙ። በአምስተኛው ወር ልጁ ሥራ ቦታ መጋዝ አጠገብ ተንፈራግጦ ወደቀ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ጣለው። በአደጋ ምክንያት የመጣ የሚጥል በሽታ ነበር።

እናቱ ካርዱን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው መጡ። «ዶክተር፣ ይሄ ከአደጋው ነው ብለህ ጻፍልኝ፣ ጠበቃው ጠይቆኛል» አሉኝ። ካርዱን ገልጬ የራሴን ጽሑፍ አነበብኩት። «ደህና ነው» ይላል። እናቴ፣ ምን ልበልዎት? አልኩ በልቤ።

ከዚያ ወዲህ የሕግ ባለሙያ ወዳጆቼን እየጠየቅሁ፣ ሕጉንም እያገላበጥሁ የተማርኩትን ነው ዛሬ የምነግራችሁ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን ከአደጋ በኋላ ጠበቃው የሚሠራበትን ዕቃ የምናቀብለው እኛ ሐኪሞችና እናንተ ታካሚዎች ነን።

▪️ 1. ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው «ብስክሌት መኪና መንገድ ላይ ምን ትሠራለች? ጥፋቱ የራሱ ነው» ይላል። ሕጉ እንዲህ አይልም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤቱ ራሱ ባይነዳም፣ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። አንቀጽ 2086 ደግሞ «አልቻልኩም፣ ምክንያቱ አይታወቅም፣ ሌላ ሰው ነው ያጠፋው» ማለት እንደማያድነው ይናገራል። የሚያድነው ወይም የሚያቀልለት ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው በራሱ ጥፋት እንደሆነ ካስረዳ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መኪናው ብረት ነው፣ ብስክሌተኛው ሥጋ ነው። ብስክሌት እንደ ውሃ በሚፈስባት በኔዘርላንድስም ሕጉ ከባዱን ሸክም የሚጭነው በመኪናው ላይ ነው።

ሁለተኛው የሦስተኛ ወገን መድን ነው (አዋጅ ቁጥር 799/2005)። ሚኒባስም ይሁን ባጃጅ ወይም አይሱዙ፣ ያለዚህ መድን መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። በመኪና የተገጨ ብስክሌተኛ «ሦስተኛ ወገን» የሚባለው ነው፤ መድኑ የተገባው ለእሱ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለድንገተኛ ሕክምና እስከ 2,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር ነበር የተቀመጠው። መጠኑ የሚሻሻል ስለሆነ የዛሬውን ከመድን ድርጅቱ ጠይቁ። ጉዳቱ ከመድኑ ጣሪያ በላይ ከሆነ ቀሪውን ከባለመኪናው መጠየቅ ይቻላል።

ገጭቶ ቢያመልጥስ? መድን የሌለው መኪና ቢሆንስ? ለዚህ የተቋቋመ ፈንድ አለ፣ የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። «መኪናው አልታወቀም፣ በቃ የእግዜር ቁጣ ነው» ብላችሁ አትቅሩ።

▪️ 2. አደጋው ቦታ ላይ

ከሁሉ በፊት ሕይወት! ራሱን የሳተ ወይም አንገቱን የሚያመው ሰው በእጅና በእግር ተይዞ አይነሣም። አንገቱን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ብዙ ሆናችሁ እንደ ሳንቃ አንድ ላይ አንሡት። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫኑት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ደውሉ። ውሃ አፉ ውስጥ አታፍስሱ፣ ወደ ሳንባው ይገባል።

ከዚያ አንድ ሰው ስልኩን ያውጣና፦

👉 የመኪናውን ታርጋ ፎቶ ያንሣ፤
👉 መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ያንሣ፤
👉 ብስክሌቱና መኪናው ከመነሣታቸው በፊት ያሉበትን ቦታ ያንሣ፤
👉 ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ ይጻፍ። ባለ ሱቅ፣ ሊስትሮ፣ በር ላይ የተቀመጠች አሮጊት፣ ሁሉም ምስክር ናቸው፤
👉 ትራፊክ ፖሊስ ይጥራ። ፖሊሱ የሚያነሣው ፕላን ኋላ ፍርድ ቤት የሚታይ ማስረጃ ነው።

የተሰበረውን ብስክሌት አትሽጡት፣ አታስጠግኑትም። የታጠፈው ጎማ ከየት በኩል እንደተመታችሁ ይናገራል።

▪️ 3. ሐኪም ቤት ስትደርሱ

ድንገተኛ ሕክምና «መጀመሪያ ገንዘብ አስይዙ» ተብሎ አይከለከልም። ይህን እወቁ።

ሐኪሙ ቢቸኩልም (እኔም ቸኩዬ ነበር!) እናንተ ንገሩት፦

👉 «የመኪና አደጋ ነው» በሉ። «ወድቄ ነው» አትበሉ። ሾፌሩ አጠገባችሁ ቆሞ ቢለምናችሁም፣ ብታዝኑለትም እውነቱን ተናገሩ። ካርዱ ላይ «ከብስክሌት ወድቆ» ከተባለ ኋላ ሌላ ታሪክ ማምጣት ከባድ ነው።
👉 አደጋው የደረሰበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ተናገሩ።
👉 ራሳችሁን ስታችሁ እንደነበር፣ ለስንት ደቂቃ ያህል እንደነበር፣ አስታውኳችሁ እንደሆነ፣ የምታስታውሱት የመጨረሻ ነገር ምን እንደሆነ ተናገሩ። ራሱን የሳተ ሰው መሳቱን ላያውቅ ይችላል፤ አብሮ የመጣው ሰው ይናገር።
👉 የሚያማችሁን ሁሉ ከራስ እስከ እግር ቁጠሩ። ትልቁ ቁስል ትንሹን ይሸፍናል። እግሩ የተሰበረ ሰው የጣቱን ሕመም የሚያስታውሰው በሳምንቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የካርድ ቁጥራችሁን፣ ራጁን፣ የሲቲ ስካን ውጤቱን፣ የመድኃኒት ማዘዣውን፣ የክፍያ ደረሰኙን ሁሉ በአንድ ፌስታል አኑሩ። በየጊዜው ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ፖሊስ የሕክምና ማስረጃ በደብዳቤ ሲጠይቅ ሐኪሙ የሚጽፈው ካርዱ ላይ ያለውን ነው። ካርዱ ላይ የሌለውን ከአየር ላይ አይጽፍም፤ መጻፍም የለበትም።

▪️ 4. ተደብቀው የሚቆዩ ጉዳቶች

«ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ አቧራውን አራግፎ የሚሄድ ብስክሌተኛ ብዙ ነው። ተጠንቀቁ!

ጭንቅላት፦ ነቅቶ ሲያወራ የነበረ ሰው ከሰዓታት በኋላ ሊዘቅጥ ይችላል፤ በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል ደም ቀስ እያለ ይጠራቀማል። የሚበረታ ራስ ምታት፣ ደጋግሞ ማስታወክ፣ ከወትሮው ያለፈ እንቅልፍ፣ መዘባረቅ፣ የአንድ ጎን መዛል ከታየ በሌሊትም ቢሆን ተመለሱ። የሚጥል በሽታ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንትም፣ ከወራት በኋላም፣ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ሆድ፦ በተለይ ሕፃናት ሲወድቁ የመሪው ጫፍ ሆዳቸውን ይወጋል። ከውጭ ትንሽ ሰማያዊ ክብ ምልክት ብቻ ይታያል፤ ውስጥ ግን ጉበት፣ ጣፊያ ወይም ቆሽት ተጎድቶ ይሆናል። ሆዱ የጠነከረ፣ የገረጣ ወይም የሚያስታውክ ልጅ አይጠበቅም፤ ወዲያው ሐኪም ይየው።

የእጅ አንጓ፦ ስትወድቁ እጃችሁን ትዘረጋላችሁ። በአውራ ጣት በኩል ያለች ትንሽ አጥንት ብትሰበር በመጀመሪያው ራጅ ላትታይ ትችላለች። ሕመሙ ካልለቀቀ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራጁ ይደገም። ለአናጺ፣ ለሸማኔ፣ ለጸሐፊ ይቺ አጥንት እንጀራው ናት።

ክትትል ስትመጡ የምትነግሩን እያንዳንዱ ምልክት ቀን ተጽፎበት ካርዱ ላይ ይገባል። አደጋውንና በወሩ የመጣውን ሕመም የሚያያይዘው ክር ይሄ ነው። ክትትሉን ካቋረጣችሁ ክሩ ተበጠሰ ማለት ነው።

▪️ 5. ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልበል

አባቶቻችን በወጌሻ ድነዋል፣ አልክድም። ግን ያበጠ እግር በቀርከሃ ተጠብቆ ሲታሰር ደሙ ይቆማል። ጣቱ ቀዝቅዞ፣ ጠቁሮ እስኪቆረጥ የደረሰ እግር አይቻለሁ። የታሰረ እግር ጣቱ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ሲያንቀሳቅሱት ከባድ ሕመም ካለው፣ በወጌሻም ይታሰር በእኛ ጄሶ፣ በዚያው ሰዓት ይፈታ።

ለካሳውም ጣጣ አለው። ሕጉ ተጎጂውም ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚቻለውን እንዲያደርግ ይጠብቃል። ከሆስፒታል ጠፍቶ ወጌሻ ቤት የሄደን ሰው የባለመኪናው ጠበቃ «እግሩ የተቆረጠው በመኪናው ሳይሆን በወጌሻው ነው» ብሎ ይከራከረዋል።

▪️ 6. ሽምግልና መቼ?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ትቆጡኝ ይሆናል። ሽምግልና የሀገራችን ጌጥ ነው። ቂም ያስቀራል፣ ሁለት ቤተሰብ ያስታርቃል። እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ ጊዜው ነው።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ በአግባቡ የተደረገ የዕርቅ ስምምነት ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል (አንቀጽ 3312)። «አላወቅሁም ነበር» ብሎ መመለስ በጣም ከባድ ነው። ታዲያ በአምስተኛው ቀን ምን ይታወቃል? ስፌቱ እንኳን አልወጣም! ያ ልጅ የፈረመው ጭንቅላቱን በተመታ በአምስተኛው ቀኑ ነው። በዚያ ሳምንት ሰውየው ትኩረቱ ይበተናል፣ ይረሳል፣ ብርሃን ይረብሸዋል። ሐኪም ሆኜ ብስክሌት እንዲነዳ አልፈቅድለትም፤ ወረቀት እንዲፈርም ማን ፈቀደለት?

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፦

👉 ሽማግሌ ሲመጣ በክብር ተቀበሉ፣ ይቅርታውን ተቀበሉ። ይቅርታ ወረቀት አይፈልግም።
👉 ለሕክምና የሚሰጣችሁን ገንዘብ መቀበል ትችላላችሁ። ግን ወረቀቱ ላይ «ለሕክምና ወጪ የተሰጠ፣ የካሳ ጥያቄው እንደተጠበቀ ነው» ተብሎ ይጻፍ።
👉 የመጨረሻውን ዕርቅ ሕክምናው ተጠናቆ የጉዳቱ መጠን ሲታወቅ አድርጉት። ሽማግሌዎቹንም «አባቶቼ፣ ሐኪሙ አይቶ ይጨርስና እንጨርሳለን» በሏቸው። የሚያስከፋ ንግግር አይደለም።
👉 ተጎጂው ልጅ ከሆነ የሕግ ባለሙያ ሳታማክሩ ምንም አትፈርሙ።

▪️ 7. ካሳ ምኑ ተቆጥሮ ነው?

በሕጉ ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት (አንቀጽ 2091)። የሚቆጠረው፦

👉 የወጣው ወጪ፦ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ መጓጓዣ፣ የብስክሌቱ ዋጋ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ለማስረዳት ያስቸግራል።
👉 የቀረው ገቢ፦ ሳትሠሩ የቆያችሁባቸው ቀናት። የቀን ሠራተኛም ገቢ አለው፤ አሠሪውና ባልደረቦቹ ይመስክሩለት።
👉 ወደፊት የሚቀረው ገቢ፦ ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ። የሐኪሞች ቦርድ በፍርድ ቤት ወይም በፖሊስ ደብዳቤ ሲጠየቅ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነው ለዚህ ነው። ቦርድ ስትቀርቡ ቁስሉን ብቻ አታሳዩ፤ ድሮ መሥራት ችላችሁ አሁን ያቃታችሁን ሥራ ተናገሩ።
👉 የሞራል ካሳ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጣሪያውን 1,000 ብር ላይ አስቀምጦታል (አንቀጽ 2116)። በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ምን እንደሚገዛ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የክሱ ክብደት ያለው በወጪውና በቀረው ገቢ ማስረጃ ላይ ነው።

ቀኑን አትርሱ! የካሳ ክስ በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (አንቀጽ 2143)። ሁለት ዓመት በሕክምና ምልልስ እንደ ጥላ ያልፋል።

በቸልተኝነት አካል ማጉደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ያስቀጣል። ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አብሮ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። ሾፌሩ በወንጀል ነጻ ቢባል እንኳ የፍትሐ ብሔር ካሳው በር አይዘጋም።

▪️ 8. ጠበቃ በምን አቅሜ?

ይሄ የሁላችሁም ጥያቄ ነው። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ይፈቅዳል። ሦስተኛ፣ ጠበቃ ስትይዙ ፈቃዱን አይታችሁ፣ ክፍያውን በጽሑፍ ተስማሙ። ሆስፒታል በር ላይ «ካሳህን እኔ አስጨርስልሃለሁ» እያለ የሚዞር ደላላ ጠበቃ አይደለም። ዋናውን ሰነድ ለማንም አትስጡ፤ ኮፒ ይበቃል።

▪️ 9. ብስክሌተኛውስ?

መብት ያለው ግዴታም አለው። ጉዳቱ በከፊል በእናንተ ጥፋት የደረሰ ከሆነ ካሳው ይቀነሳል። ያለ መብራት በማታ፣ በተቃራኒ መስመር፣ የአይሱዙ ጭራ ይዞ ሽቅብ መጎተት፣ ኋላ ሰው ጭኖ ቁልቁል መልቀቅ፣ ይሄ ሁሉ ፍርድ ቤትም ሬሳ ክፍልም ያደርሳል። እናንተ እግረኛ ብትገጩ ደግሞ ለብስክሌት የሦስተኛ ወገን መድን የለም፤ ጥፋተኛ ከሆናችሁ ከኪሳችሁ ነው።

ከቁስቋም የምትወርዱ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ሞክሩ። ሄልሜት አድርጉ፣ ማሰሪያውን እሰሩ። ሄልሜት ከባድ የጭንቅላት ጉዳትን እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት የታወቀ ነው። ኅዳር 6 ለቁስቋም ማርያም ንግሥ መንገዱ በሕዝብ ሲሞላ ደግሞ ከብስክሌቱ ውረዱና ግፉት።

ወደ ልጁ ልመለስ። ለጠበቃው የጻፍኩት እውነቱን ነው። በመጀመሪያው ቀን ራሱን ስቶ እንደነበር አለመጠየቄን፣ ካርዱ ላይ ያልተጻፈው ስላልሆነ ሳይሆን ስላልጠየቅሁ መሆኑን ጻፍኩ። ባለ ሱቁ ለመመስከር ፈቅዷል። ሾፌሩም፣ ያ ደግ ሰው፣ «አዎ፣ ራሱን ስቶ ነበር» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ነው። የዕርቁ ወረቀት ትልቁ እንቅፋት ሆኖ ቆሟል። ልጁ መድኃኒቱን በየቀኑ ይውጣል፣ መጋዝ አጠገብ ግን አይቆምም።

እኔ አሁን ለሚመጣ የአደጋ ታካሚ ሁሉ፣ ወረፋው የቱንም ያህል ቢረዝም፣ «ራስህን ስተህ ነበር?» ብዬ ሳልጠይቅና መልሱን ሳልጽፍ አላልፍም። እናንተም ሐኪማችሁ ካልጠየቃችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። «ይሄን ጻፍልኝ» ማለት ድፍረት አይደለም።

ብስክሌት የሚነዳ ልጅ፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ላላችሁ ሁሉ ይህን አጋሩ። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። የሕጉን ጉዳይ ግን የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

መንገዳችሁን ሰላም ያድርግላችሁ። ጤና ይስጥልኝ!